ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት

ንፋስ መውጫ ስመደብ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቼ ባሕር ዳር አደርኩ፣ ደብረ ታቦር አደርኩ፣ በሦስተኛው ቀን የእህል ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ሲያንጎራጉር የመጣ ሰው ነው። ሻንጣዬን ከላይ ሲያወርድልኝ፣ "እዚህ ዘመድ አለሽ?" አለኝ።

"የለኝም። በሥራ ተመድቤ ነው።"

ራሱን ነቀነቀና፣ "እንግዲያው ከሁሉም በፊት ወፍራም ጋቢ ፈልጊ" ብሎኝ ሄደ።

ልክ ነበር። የተከራየኋት ክፍል በሯ ከታች ክፍተት ነበረበት፤ ነፋሱ በዚያ እየገባ የአልጋዬን ልብስ ጫፍ ያነሣው ነበር። አከራዬ ባሏ የሞተባት ደግ ሴት ነበረች። በበዓል ቀን ጠርታኝ ታበላኛለች፤ ከልጆቿና ከእህቶቿ መካከል እንግዳ ሆኜ እቀመጥና በልቼ፣ አመስግኜ፣ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ሁሉም ግን የራሱ ሰው ነበረው። ሐሙስ ሐሙስ በውይይት ክበብ ሁላችንም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ አንድ ላይ እጅ እናወጣለን፣ አንድ ላይ እናጨበጭባለን፤ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዳንድ ሳምንት ከሥራ ውጭ ከማንም ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር ሳልለዋወጥ እሑድ ይደርስብኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች የሚያስተምሩ መምህራን ጉዳይ የሚያልፍበት ቢሮ ነበር ማለት ይበቃል። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። መዝገብ ቤቱ ከጫፍ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሦስት ግድግዳው እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ በአራተኛው አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ሁለት ጠረጴዛ። አንደኛው የእኔ፣ ሌላው የኃላፊዬ።

ኃላፊዬ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ነበሩ። የታች ጋይንት ተወላጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቤተ ክህነት ተምረዋል። የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ብራና ጽሑፍ ያማረ ነበር። ጋሼ ነበር የምላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራውን ሲያስረዱኝ፣ "ደብዳቤ መጥቶ መዝገብ ላይ ቁጥር ስለሰጠሽው ብቻ አለ ብለሽ እንዳትተኚ" አሉኝ። "ማኅደሩ ከዚህ ክፍል ይወጣል፣ በስድስት ሰው እጅ ይዞራል፣ ይመለሳል። የወጣውና የተመለሰው አንድ መሆኑን የሚያውቅ ካንቺና ከእኔ ሌላ የለም።"

ስለዚህ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሁለታችን መደርደሪያውን እንዞር ነበር። እሳቸው ከመዝገቡ የማኅደሩን ስምና የወረቀቱን ብዛት ያነባሉ፣ እኔ አውርጄ እቆጥራለሁ። ብዛቱ ከትናንቱ ጋር ከተስማማ በእርሳስ ጭረት እናደርጋለን። ከጨመረ የጨመረው ምን እንደሆነ፣ ከቀነሰ የወሰደው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። አዲስ ማኅደር ከተከፈተ ስሙ ይገባል፤ ቦታ የቀየረ ካለ አዲሱ ቦታው ይጻፋል። ለአንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ሥራ ነው። ማንም አላዘዘንም።

ብዛት ብቻውን እንደማይበቃ ያወቅነው ቆይተን ነው። አንድ ወረቀት አውጥቶ ሌላ ወረቀት የተካ ሰው በቁጥር አይያዝም። እንግዲህ የእያንዳንዱን ወረቀት መጀመሪያና መጨረሻ ቃል ለብቻ ደብተር ላይ እንጻፍ አልኳቸው። ሞከርነው። አልሠራም። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ሁሉ "ለ" ብሎ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይጀምራል፤ መጨረሻው ደግሞ ሁሌም ያው መፈክር ነው። ሃምሳ ወረቀት ጽፈን ስናይ ሃምሳውም አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግራ ቀኙን አይተው በሩን ዘጉ። በመጨረሻ የሦስተኛው መስመር የመጀመሪያ ቃልና ከመፈክሩ በላይ ያለው የመጨረሻ ቃል እንዲሆን ወሰንን። እዚያ ላይ ሰው የራሱን ጉዳይ ስለሚናገር አንዱ ከሌላው ይለያል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሕር ዳር በምሠራበት ቢሮ ኮምፒውተር ገባ። አንድ ወጣት ባለሙያ በፋይሎችና በፎልደሮች ላይ የሚደርሰውን ለውጥ የሚከታተል ፕሮግራም ሲጭን አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ መጠንና መጨረሻ የተነካበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ ቆይቶ ተመልሶ ያነጻጽራል። ስሙና መጠኑ ሳይለወጥ ውስጡ ብቻ ከተቀየረም ከይዘቱ የተሠራ አጭር ምልክት ስለሚይዝ በዚያ ያውቀዋል። "ሌላም መንገድ አለ" አለኝ ልጁ። "ፋይሉ ሲነካ ማሽኑ ራሱ ወዲያው እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። ያኔ እየዞሩ መቁጠር አያስፈልግም።" እኔ የማውቀው የፊተኛውን ነበር። የእንጨት መደርደሪያ አይናገርም።

ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝን መምህር ያወቅሁት በገባሁ በሦስተኛው ወር ነው። ስማዳ ውስጥ ወገዳ ሂሳብ ያስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱን ሪፖርት ለማድረስና ጠመኔ ለመውሰድ በዓመት አራት ጊዜ ይመጣል። ከወገዳ ንፋስ መውጫ በእግሩ ሁለት ቀን ነው፤ መንገድ ላይ አርብ ገበያ የምትባል ከተማ አድሮ ነው የሚመጣው። ሲገባ ጫማውን ከውጭ በድንጋይ ላይ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ፣ ከበሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። የጠመኔው ወረቀት እስኪፈረምለት አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይጠብቅ ነበር።

በዚያን ቀን ነፋሱ መስኮቱን እያንኳኳ ሥራ ከልክሎኝ ነበር። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ "መዶሻ አለ?" አለ። ከጥበቃው አምጥቼ ሰጠሁት። ከአንድ አሮጌ ሣጥን ጣውላ ነቅሎ፣ ጠርቦ፣ የመስኮቱን ጠርዝ መታበት። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ለካ ሦስት ወር ሙሉ ድምፅ ስሰማ ነው የኖርኩት።

"ወገዳም እንዲህ ይነፍሳል?" አልኩት።

"ወገዳ ሙቀት ነው። እዚያ ያስቸገረን መንገዱ ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሲመጣ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ሻይ እንጠጣ ነበር። ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ይጠጋል። እኔ መምህር እለዋለሁ፣ እሱ እህቴ ይለኛል፤ ሁለታችንም እርስዎ ነበር የምንባባለው፤ እስከ መጨረሻውም ከዚያ አላለፍንም። ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል። ስለ ተማሪዎቹ ይነግረኛል፤ አንዲት ልጅ ሰሌዳ ስለሌላት ክንዷ ላይ በከሰል እየጻፈች ማካፈል እንደተማረች ነግሮኛል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያወራው ስለ እናቱ ነው። እናቱ እስቴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሌላ ልጅ የላቸውም። ዐይናቸው እየደከመ ሄዷል።

"በየዓመቱ ወደ እስቴ ዝውውር እጠይቃለሁ" አለኝ አንድ ቀን። "በየዓመቱ ማመልከቻህ አልደረሰንም ይሉኛል። ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ወረቀቱ በእርግጥ እዚህ ይደርሳል?"

በማግሥቱ የቆዩ የገቢ ደብዳቤ መዝገቦችን አወረድኩ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ስሙ አለ፤ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ በጋሼ ቆንጆ ጽሑፍ "የዝውውር ማመልከቻ" ተብሏል። ማኅደሮቹን ስከፍት ግን በአንዱም ውስጥ የለም። ለጋሼ አሳየኋቸው።

"አንቺ ሳትመጪ ዓመት በዓመት ነበር የምንቆጥረው" አሉ። "መጉደሉን አውቃለሁ። መቼ እንደጎደለ ግን አላውቅም። መቼ መሆኑን ካላወቅሽ ማን መሆኑን አታውቂም።"

የዝውውር ማኅደሩን በየቀኑ በቃላቱ ጭምር መመዝገብ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጋሼ ጡረታ ወጡ። አንድ ሳጥን ተሸክመው አርብ ገበያ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሄዱ። ምትክ አልመጣም። ጠረጴዛቸው ባዶውን ቆየ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ እኔው ከመዝገቡ አነባለሁ፣ እኔው አውርጄ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያ ሰሞን ከልማድ የተነሣ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እናገር ነበር። ኮሪደር ላይ የሚያልፍ ሰው ሲቆም ስለሰማሁ ተውኩት። መምህሩ ሚያዝያ ላይ ማመልከቻውን በእጁ ይዞ መጥቶ በፊቴ አስመዘገበ። በማኅደሩ ውስጥ ተራ ቁጥሩ አሥራ ሰባት ሆነ። ደብተሬ ላይ የሦስተኛውን መስመር የመጀመሪያ ቃል ጻፍኩ፤ "እናቴ" ይላል። ሻይ ጠጣን። ሲሄድ እስከ ገበያው ዳር ሸኘሁት። ስመለስ የሚቀጥለው ሪፖርት መቼ እንደሆነ በጣቴ ቆጠርኩ። ይህን ለራሴም አልነገርኩም ነበር፤ አሁን ስጽፈው ግን እንደቆጠርኩ አውቃለሁ።

የዝውውር ኮሚቴው በሰኔ መጨረሻ ሰኞ ቀን በአራት ሰዓት ሊሰበሰብ ተቀጠረ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ማክሰኞ ማኅደሩ የሠራተኛ አስተዳደሩ ሹም ቢሮ ውሎ ከሰዓት በኋላ ተመለሰልኝ። ቆጠርኩት። አርባ አንድ ወረቀት ወጥቷል፣ አርባ አንድ ተመልሷል። ደብተሩን ከፍቼ አንድ በአንድ ማነጻጸር ጀመርኩ። አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ "እናቴ" የሚለው ቃል የለም። በቦታው "ችግኞችን" የሚል አገኘሁ። ያለፈው ዓመት የዛፍ ተከላ ዘመቻ ደብዳቤ ነው። ያው መጠን፣ ያው ቢጫ ወረቀት፣ በዚያው ቀዳዳ የገባ።

ከዚያ ሌሎቹን ማኅደሮች መቁጠር ያዝኩ። ማኅተምና የገቢ ቁጥር ያረፈበትን ወረቀት ማንም በቀላሉ አይቀድም፤ ኋላ ቢጠየቅ በስሕተት ሌላ ቦታ ገባ እንዲባል የሆነ ማኅደር ውስጥ ነው የሚከተው። የትኛው ማኅደር ያለ ምክንያት አንድ እንደጨመረ መፈለግ ነበረብኝ። የተዘጉ ጉዳዮች የሚቀመጡበት፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ ያለው አቧራ የለበሰ ማኅደር ትናንት ስድሳ ሁለት ነበር፤ ዛሬ ስድሳ ሦስት ነው። ከመካከሉ ማመልከቻውን አገኘሁት። ቆሜ ሙሉውን አነበብኩት። ከዚያ በነበረበት መልሼ ከተትኩት፤ ማኅደሩን ዘጋሁ፤ በሩን ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለምን ወዲያው ወደ ቦታው እንዳልመለስኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በዚያን ቀን ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሹሙን መፍራቴ ነው። መፍራቴም እውነት ነበር፤ በዚያ ዘመን አለቃውን ሌባ ያለ ሰው ነገሩ የት እንደሚያደርሰው አያውቅም። ረቡዕ ግን ፍርሃቱ ቀለል ብሎኝ ተቀምጬ ሳለ፣ ሌላ ነገር አሰብኩ። ወረቀቱ እዚያው ከቀረ መምህሩ መስከረም ላይ ሪፖርት ይዞ ይመጣል። ጫማውን ድንጋዩ ላይ ይጠርጋል። ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ ያፈሳል። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ያደረገው ሌላ ነው። ሐሙስ በውይይት ክበብ ስቀመጥ ስለ ምን እንደተወራ አልሰማሁም። እናቱን አስብ ነበር፤ አስቤም ደግሞ ዝም አልኩ።

አርብ ፈቃድ ጠየቅሁና ወደ ገበያ በምትሄድ የጭነት መኪና አርብ ገበያ ወረድኩ። ጋሼን ገበያው ዳር ገብስ ሲያስሰፍሩ አገኘኋቸው። ወደ ቤታቸው ወስደውኝ፣ ሚስታቸው የባቄላ ቂጣ አቅርባልኝ፣ እስክበላ ምንም አልጠየቁኝም። ከበላሁ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ወረቀቱ የት እንዳለ ታውቂያለሽ" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ቁልፉ በእጅሽ ነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው ምን ልትጠይቂኝ ነው?"

መሬት መሬት አየሁ።

"መምህሩ ደግ ሰው ነው" አሉ። "ሲመጣ አንቺም ፊትሽ ይፈታ ነበር። አይቼዋለሁ።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ዝም በይ አላሉኝም። ስጨርስ፣ "ስሚኝ ልጄ" አሉ፣ "መዝገብ ቤት የተቀመጠ ሰው ማን ይሂድ ማን ይቅር ብሎ አይወስንም። ወረቀቱ ቦታው ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለው የሌሎች ሥራ ነው። ይህን ያወጣው ሰው ካንቺ የሚለየው ቀድሞሽ በመድረሱ ብቻ ከሆነ፣ እኔ ምን አስተማርኩሽ?"

ቁጣ አልነበረበትም፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማንም አልተናገረኝም።

እዚያው አደርኩ። ቅዳሜ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር በእግሬ ወጣሁ። ዝናብ መታን። ከአህዮቻቸው ኋላ እየተንሸራተትኩ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ማምሻውን ደረስኩ። እሑድ ተኛሁ። ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ፤ ማመልከቻውን ከተዘጉ ጉዳዮች አውጥቼ አሥራ ሰባት ላይ መለስኩት፤ የችግኙን ደብዳቤ ወደ ዘመቻው ማኅደር ወሰድኩ። ከዚያ ጋሼ እንኳ ያላደረጉትን አንድ ነገር አደረግሁ። በማኅደሩ ውስጥ ያሉትን አርባ አንድ ወረቀቶች ዝርዝር፣ የአመልካቹን ስምና የገቢ ቁጥር ጭምር ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም መትቼ ከላይ አያያዝኩት። ኮሚቴው ውስጥ አምስት ሰው አለ፤ ሁሉም ያየዋል።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሹሙ አስጠራኝ። ለስብሰባው የተወሰደለት ማኅደር ተከፍቶ ፊቱ ነበር። ወፍራም፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ሰው ነው።

"ይህን ዝርዝር ማን አዘዘሽ?"

"ማንም። ርክክብ በዝርዝር ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው፣ ጓድ።"

"አሥራ ሰባትን ከየት አመጣሽው?"

"ከመዝገቡ ነው። ሚያዝያ ላይ የተመዘገበው አሥራ ሰባት ላይ ነው።"

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ወገዳ ማን ይሄድልኛል?" አለ። "ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ሄዶ ሂሳብ ላስተምር ያለኝ አንድ ሰው የለም። የመደብኩት ሁሉ መንገድ ላይ ታመምኩ ብሎ ይመለሳል። እሱ ከወጣ ያ ትምህርት ቤት ሂሳብ የሚያስተምር የለውም። ልጆቹን እኔ ነኝ የምጎዳቸው ወይስ አንቺ?"

ያለው ውሸት አልነበረም።

"እናቱ ዐይናቸው እየጠፋ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "በየዓመቱ አነባለሁ።" ዝርዝሩ ላይ መረከቡን ፈረመና በእጁ ሂጂ አለኝ።

ኮሚቴው ዝውውሩን ፈቀደ። ሹሙ በእኔ ላይ ምንም አላደረገም። ከዚያ በኋላ ግን በሥራ ካልሆነ አናግሮኝ አያውቅም።

መምህሩ ነሐሴ ላይ መጻሕፍቱን በበቅሎ ጭኖ መጣ። የዝውውር ደብዳቤውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አነበበው፤ አጠፈው፤ ከደረቱ ኪስ ከተተው። ከዚያ መልሶ አውጥቶ አነበበው። ሻይ ቤት ገባን። በዚያን ቀን ጾመ ፍልሰታ ስለነበረ ሻዩን ቅዳሴ እስኪወጣ ጠበቅነው።

ስለ ወረቀቱ ነገርኩት። የት እንደነበረ፣ መቼ እንዳገኘሁት። ማን እንዳወጣው ግን አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

"ማክሰኞ አገኙት" አለ ቀስ ብሎ። "ሰኞ መለሱት።"

"አዎ።"

"በመካከሉ ስድስት ቀን አለ።"

"አዎ።"

ሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ቁጥር አያመልጠውም። ሻዩን በማንኪያ ሲያማስል ቆየ። ምክንያቱን የተረዳው ይመስለኛል፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"እርስዎ ባይኖሩ ስምንተኛ ዓመቴ ይሆን ነበር" አለ በመጨረሻ። "ስድስቱን ቀን ለማንም አይንገሩ።"

ከበቅሎዋ ላይ ከመጻሕፍቱ አንዱን ፈትቶ ሊሰጠኝ ፈለገ። የቁጥር መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሳቅሁና እንቢ አልኩት። እንቢ ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። በቅሎዋን በልጓሟ እየመራ በደብረ ታቦር መንገድ ሄደ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ባርኔጣውን አነሣ።

ከመስቀል በኋላ ከእስቴ ደብዳቤ መጣልኝ። የእናቱ ዐይን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር የደረሰው። "ባለፈው ክረምት ስሄድ በጭላንጭልም ቢሆን ታየኝ ነበር" ብሎ ጽፏል። "ውሃ እቀዳለሁ፤ የሰፈር ሴቶች እኔን ሲያዩ ይስቃሉ። የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም እናቴ ምን እንደጻፉ አንብብልኝ ትለኛለች። ቁጥር ነው ብላትም አትሰማኝም። ስለዚህ ቁጥሩን አነብላታለሁ፤ እያዳመጠች ትተኛለች።" ከልማድ የተነሣ የገቢ ማኅተሙን አንሥቼ ልመታበት ስል ነው የራሴ ደብዳቤ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

በዚያው ሰሞን የወገዳ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጠመኔ ሊወስዱ መጡ። እንደ እሱ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ሂሳብ የሚያስተምር ምትክ እንዳልመጣላቸውና ልጆቹን የስፖርት መምህሩ እንደሚይዛቸው ነገሩኝ። ክንዷ ላይ በከሰል ስለምትጽፈው ልጅ ጠየቅኳቸው። "ባል አገባች" አሉኝ። ወረቀታቸው እስኪፈረም ሌላ ነገር አልጠየቅኳቸውም።

መስኮቱ ጸጥ እንዳለ ቆየ። ከአሥር ሰዓት በኋላ መዞሬን አልተውኩም። ከመምህሩ ጋር ለሁለት ዓመት ያህል ተጻጻፍን፤ የእሱ ደብዳቤ አጭር ነው፣ የእኔ ረጅም ይሆንና ቀድጄ እንደገና አሳጥረዋለሁ። ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ቀረበ፤ አንዳንድ ቀን መኪና ያልፋል፣ አንዳንድ ሳምንት አያልፍም፤ ፖስታውም ቀረ። የመጨረሻው ደብዳቤዬ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ሠራተኛው አንድ በአንድ ከተማውን ሲለቅ እኔም በጭነት መኪና ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ መካከል ተቀምጬ፣ ባሕር ዳር ገባሁ። መዝገብ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቻለሁ። ማኅደሮቹ ምን እንደሆኑ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼም በዚያው ክረምት ማረፋቸውን ከአርብ ገበያ የመጣ ሰው ነገረኝ።

መንግሥት ተለውጦ ብዙ ቆይቶ፣ ባሕር ዳር አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ከእስቴ ከመጣች አንዲት ሴት ጋር ተገናኘን። ተራ እየጠበቅን ነበር። የሂሳብ መምህሩን ታውቀው እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ዐይነ ስውር እናቱን የሚመራው? ማን የማያውቀው አለ" አለች። "እሑድ እሑድ በክንዷ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳት ነበር። እሷን ከቀበረ በኋላ ግን አገር ለቆ ሄደ። ወደ አዲስ አበባ ነው የሚሉም አሉ።"

"ስንት ዓመት አብረው ኖሩ?"

"አራት ይሆናል፤ አምስትም ይሆናል።" ከዚያ ፊቴን አየችና፣ "ዘመድሽ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኳት። "ማመልከቻው በእኔ እጅ ያልፍ ነበር።"

አውቶቡሱ መጣ። ዕቃዋን አነሣሁላትና ተሳፈረች።